ቃለ ጉባኤ የሌለው ቀፎ

በአገው ምድር፣ ከዳንግላ ወረድ ብሎ፣ በአንድ ገበሬ ጓሮ፣ ከትልቅ ዋንዛ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ነበር አሉ። ከቀርከሃ ተሠርቶ፣ በእበት ተለስኖ፣ በወይራ የታጠነ ደህና ቀፎ ነው። ውስጡ ሠላሳ ሺህ የሚሆን ንብ ይኖርበታል። ሠላሳ ሺህ ነፍስ በሚኖርበት ቤት አንድም አለቃ አልነበረም።

አውራስ ነበረቻቸው። አውራዋ ግን አታዝም፤ እንቁላሏን ትጥላለች። ሽታዋ ከአጃቢዎቿ ወደ ጎረቤቶቻቸው፣ ከእነሱም ወደ ሌሎቹ፣ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ እስከ ቀፎው ጠርዝ ይደርሳል። ሽታው የደረሳት ንብ እናቷ በቤት መኖሯን አውቃ ሥራዋን ትቀጥላለች። ከዚህ ሌላ ትእዛዝ የለም።

ሥራውም በዕድሜ ይሄዳል። ገና የተፈለፈለችው የማር እንጀራውን ዐይን ትጠርጋለች። ጥቂት ቀን ስትቆይ እጭ ትመግባለች። ከዚያ ሰም ታወጣለች፣ የአበባ ቅስም ትቀበላለች፣ በር ትጠብቃለች፤ በመጨረሻ ወጥታ ትቀስማለች። በሥራ ወራት ስድስት ሳምንት የኖረች ንብ ዕድሜ ጠገበች ይባላል። ሲሞቅ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ቆመው በክንፋቸው ያራግባሉ፤ ቤቱ ይበርዳል፣ ቀጭኑም ቅስም ውሃው ተኖ ማር ይሆናል። አበባ ያገኘች ተመልሳ እንጀራው ላይ ወገቧን እያወዛወዘች ትጨፍራለች። የጭፈራዋ አቅጣጫ አበባው ከፀሐይ በየት በኩል እንዳለ፣ የጭፈራዋ ርዝመት ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገራል። ያዩ ይሄዳሉ። ያላዩም ሥራ አያጡም።

ከእነዚህ ጋር ጥቂት መቶ ድንጉላዎች ይኖሩ ነበር። ድንጉላ መንደፊያ የለውም። ምላሱ አጭር ስለሆነ አበባ አይቀስምም። ሰምም አያወጣም። ዐይኑ ግን ትልቅ ነው፤ ድምፁም ወፍራም ነው። ለአንዲት ወጣት አውራ የጋብቻ ቀን ይፈለጋል፤ እስከዚያ ይበላል። በየዓመቱ ክረምቱ ሲበረታና ማሩ ሲጎድል፣ ሠራተኞቹ ድንጉላዎቹን እየጎተቱ ወደ ውጭ ያወጧቸዋል። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ያለው ማር ለሁሉ ስለማይበቃ ነው።

በአንድ የሐምሌ ቀን፣ ዝናቡ ዋንዛውን እየደበደበ ሳለ፣ ሁለት ወጣት ንቦች ከድንጉላዎቹ አንዱን፣ አያ ድንጉሌን፣ ክንፍና ክንፉን ይዘው በሩ ላይ አደረሱት። አያ ድንጉሌ እግሩን ከበሩ ጋር ተከለና፦

«በማን ውሳኔ ነው?» አለ።

ንቦቹ ተያዩ። «ምን ማለትህ ነው አያ?»

«ድንጉላ ይውጣ ብሎ የወሰነው ማን ነው? ተሰብስባችኋል? ቃለ ጉባኤውስ የታለ?»

«ኧረ እኛ... ማሩ ጎደለ። ክረምት ነው።»

«ክረምት መሆኑን ያጸደቀው ማን ነው?»

ዝናቡ ይዘንባል። ንቦቹ የሚመልሱት ጠፋቸው። እናቶቻቸውም አያቶቻቸውም ድንጉላ ሲያስወጡ ኖረዋል፤ ወረቀት ግን አልነበራቸውም። አንዳች ነገር ያጠፉ መስሏቸው ፈሩና መልሰው አስገቡት። አያ ድንጉሌ ክንፉን አራገፈ፤ ርቦት ስለነበር አስቀድሞ በላ፤ ከዚያም፦ «እንግዲህ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ያስፈልጋችኋል። እኔ ጊዜ አለኝ» አለ።

በዚያ ሰሞን ጎረቤት ግቢ ዘመናዊ ቀፎ ገብቶ ነበር። የኛዎቹ በዓመት አምስት ስድስት ኪሎ ሲሰጡ፣ የዚያኛው ንቦች አሥራ አምስት ሃያ ኪሎ ይሰጣሉ ተብሎ ይወራል። ድንጉላ ደግሞ የማንም ቀፎ በር ቢሄድ አይከለከልም። ስለዚህ ዝናቡ ባባራ ጊዜ አያ ድንጉሌ ለልምድ ልውውጥ ተላከ። ሦስት ቀን በላ። የዚያ ቤት ንቦች ስለ ቦታው ስፋት፣ ስለ ተዘጋጀላቸው ሰም፣ ገበሬው በክረምት ስለሚያጠጣቸው የስኳር ውሃ ሊነግሩት ሞከሩ። እሱ ያየው ግን ሣጥኑ ባለ ፎቅ መሆኑን ነው። ሲመለስ ንቦቹን ሰብስቦ፦

«ምስጢሩ ተገኘ። አንዱ ከሌላው በላይ መሆኑ ነው» አላቸው።

በማግሥቱ ቀፎውን እየዞረ ጎበኘ። አንዲት ንብ ቆማ ስታራግብ አገኛት።

«ማን አዘዘሽ?»

«ሞቀ።»

«መሞቁን ማን ነገረሽ?»

«ሞቀኝ።»

«ያለ ዕቅድ፣ ያለ ትእዛዝ፣ እንዲሁ ስለ ሞቀሽ ብቻ!» አለና ራሱን ነቀነቀ። ንቢቱ አፈረች። ክንፏንም አጠፈች።

ነሐሴ ሳይጋመስ አራት ቢሮዎች ተቋቋሙ። የዕቅድ ቢሮ ምን እንደሚሠራ ይወስናል። የአደረጃጀት ቢሮ ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ ይደለድላል። የአመራር ቢሮ እንዲሠሩ ያነቃቃል። የቁጥጥር ቢሮ መሠራቱን ያያል። አንዲት እጭ መጋቢ ከኋላ ሆና፣ «የሚሠራውስ የትኛው ቢሮ ነው?» ብላ ጠየቀች። «እሱማ እናንተ አላችሁ አይደል እንዴ» ተባለች፤ ጥያቄዋም በቃለ ጉባኤ ተያዘላት።

ለሹመቱ ውድድር ወጣ። ሁሉም መወዳደር ይችላል ተባለ። ቃለ መጠይቁ የተያዘው ደመናው ገለጥ ባለ ቀን በእኩለ ቀን ስለነበር፣ ሠራተኞቹ መስክ ናቸው፤ የተገኙት ድንጉላዎች ብቻ ሆኑ። ትልቅ ዐይን ያላቸው ለቁጥጥር ተመረጡ። ድምፀ ወፍራሞቹ ለአመራር ሆኑ። ከቀፎ ወጥተው የማያውቁት፣ አበባ ስላላዩና ሐሳባቸው ስላልተበረዘ፣ ዕቅድ ቢሮ ገቡ። የቀሩት አደረጃጀት ተሰጣቸው። አያ ድንጉሌ የአራቱም የበላይ ሆነ።

የመጀመሪያው ሥራ ንቦቹን አንድ ለአምስት ማደራጀት ነበር። ሠላሳ ሺህ ንብ ለስድስት ሲካፈል አምስት ሺህ የቡድን መሪ ተገኘ። የቡድን መሪ ሪፖርት ስለምትይዝ አትቀስምም፣ አትጠርግም። ቡድኑም ስብጥር ይኑረው ተብሎ፣ አንዲት ቀሳሚ ከአንዲት መጋቢ፣ ሰም አውጪዋ ከበር ጠባቂ፣ አምስተኛዋም ሬሳ አውጪዋ ሆና ተመደቡ። ማንኛውም ነገር ከቡድን ወደ ቡድን የሚተላለፈው በመሪዎች በኩል ብቻ እንዲሆንም ታዘዘ። እንደ ዱሮው ያገኙትን ጎረቤት በአፍ መንካት ቀረ።

በየሳምንቱ ግምገማ ይቀመጣሉ። በአንዱ ግምገማ ሬሳ አውጪዋ ተነሣች።

«የሳምንቱ አፈጻጸምሽ?»

«አርባ ሬሳ አውጥቻለሁ።»

«ስንት አስገባሽ?»

«ሬሳ አይገባም፤ ይወጣል እንጂ።»

«እንግዲያው ሂሳብሽ አርባ ጎደሎ ነው» አለ የቁጥጥሩ ድንጉላ። ሬሳ አውጪዋ ግለ ሂስ አደረገች፤ ለወደፊቱ ላታወጣ ቃል ገባች። የሞቱት ካሉበት ተኝተው ቀሩ። የወሩ የሕዝብ ቁጥርም ምንም አልቀነሰም።

ለሚፈለፈሉት ደግሞ የሁለት ሳምንት የሥራ ማስተዋወቂያ ሥልጠና ተዘጋጀ። ስድስት ሳምንት ከምትኖረው ሁለቱን ስለ ራእይና ተልእኮ ትማራለች። ስትጨርስ የመጥረጊያ ዕድሜዋ አልፏል፤ የመመገቢያዋም እየተገባደደ ነው። ዐይኑን የሚጠርግ ሲጠፋ አውራዋ የምትጥልበት ንጹሕ ቦታ አነሳት። ዕቅድ ቢሮ ይህን ሲሰማ የእንቁላሉን ዕቅድ በዚያው ልክ ዝቅ አደረገና መቶ በመቶ ተሳካ።

መስከረም ጠባ። አደይ ፈነዳ።

እመት ቀሳሚት የምትባል፣ የክንፏ ጠርዝ የተበላ አሮጊት ንብ ነበረች። ከጧቱ በሦስት ሰዓት ከሰሜን በኩል ካለው ተረተር ሙሉ ሆድ ይዛ ገባችና እንጀራው ላይ ወጥታ መጨፈር ጀመረች። የቁጥጥር ቢሮው ድንጉላ አስቆማት።

«ምን እየሠራሽ ነው እመት?»

«ተረተሩ ቢጫ ሆኗል ልጄ። ለእህቶቼ እየነገርኩ ነው።»

«በወገብሽ ነው የምትነግሪው? በጽሑፍ አድርጊው፤ በሦስት ቅጂ።»

እመት ቀሳሚት በሕይወቷ ጽፋ አታውቅም። አንዲት የቡድን መሪ ጻፈችላት፦ «ፀሐይን በስተቀኝ አድርጎ ቀጥ ብሎ መሄድ።» ወረቀቱ ከቡድን መሪ ወደ አደረጃጀት፣ ከአደረጃጀት ወደ ዕቅድ ሄደ። ዕቅድ ቢሮ አደይ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ አለመኖሩን አየና ለአያ ድንጉሌ አቀረበ። አያ ድንጉሌ ምሳ ላይ ነበር። ፊርማው ሲያርፍ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

አምስት መቶ ቀሳሚዎች በሰልፍ ወጡ። በታዘዙት መሠረት ፀሐይን በስተቀኝ አድርገው ቀጥ ብለው በረሩ። ፀሐይዋ በምዕራብ ነበረች፤ እነሱም ወደ ደቡብ ሄዱ። ተረተሩን ከኋላቸው ትተው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ አንዲት ሴት አጥባ ያሰጣችው ቢጫ ሻሽ ላይ ሰፈሩ። ሴትዮዋ ጮኸች። እነሱ ሻሹን እስኪመሽ ሲቀስሙ ዋሉ።

ማታ ሪፖርት ቀረበ። ቢጫ ነገር ተገኝቷል፤ አምስት መቶ ንብ ተሠማርቷል፤ ውጤታማ ነበር ተባለ። እመት ቀሳሚት ግን፣ «አደዩ እኮ በሰሜን ነው» ብላ አጉረመረመች። «አበባው ዕቅዱን ካልተከተለ የኛ ጥፋት አይደለም» አሏት።

ጥቅምት ገባ፤ ኑጉ ማሳውን አለበሰው። ማሩ ግን ከፍ አላለም። አራቱ ቢሮዎች ተሰበሰቡና ነገሩ ያለ መለኪያ መሥራት ያመጣው ነው ብለው ወሰኑ። ከእንግዲህ እያንዳንዷ ቀሳሚ በምልልሷ ብዛት ትመዘናለች ተባለ። የቁጥጥሩ ድንጉላዎች በትልልቅ ዐይናቸው በሩ ላይ ተቀምጠው ቆጠሩ። በሁለተኛው ቀን ንቦቹ ነገሩን ተረዱት። በሩን ወጥተው፣ ዋንዛውን አንዴ ዞረው፣ ተመልሰው ይገባሉ። ኑግ ማሳ ሄዳ በድካም የተመለሰችው ጥቂት ምልልስ ስላስመዘገበች ከኋላ ተሰለፈች። ዋንዛውን ስትዞር የዋለችው የሳምንቱ ኮከብ ሆነች።

ይህ ስሕተት ነው፣ በክብደት ይሁን ተባለ። ከሁሉ ነገር ቅርብና ከባዱ ደግሞ ውሃ ነው። ገበሬው ከብት ከሚያጠጣበት ገንዳ ውሃ ይቀዳ ጀመር። የእንጀራው ዐይን ሁሉ እስከ አፉ ሞላ፤ የቀፎው ዕለታዊ ገቢ ተሰምቶ በማያውቅ መጠን አደገ። የቀሩት አራጋቢዎች ውሃው እንዲተን ሊያራግቡ ቆሙ። የቁጥጥሩ ድንጉላ አያቸውና፣ «እነዚህ ክንፋቸውን ቀኑን ሙሉ ያንቀሳቅሳሉ፤ ከቆሙበት ግን አልተነሡም። ደግሞ ያለውን ገቢ የሚያቀልሉት እነሱ ናቸው» ብሎ አመለከተ። አራጋቢዎቹም ወደ ውሃ ቀጂነት ተዛወሩ።

ሳምንት ሳይሞላ ማሩ ብርዝ ሆነ። ቆይቶም ይፈላ፣ ይሸት ጀመር። አያ ድንጉሌ አንድ ጊዜ ቀመሰ። ሁለተኛ ቀመሰ። ሦስተኛውን ከቀመሰ በኋላ ዐይኑ ቀልቶ፣ «ይሄ እኮ እሴት የተጨመረበት ማር ነው» አለ። በቃለ ጉባኤም እንዲሁ ተጻፈ። በዚያ ሳምንት ከድንጉላዎቹ ከስብሰባ የቀረ አልነበረም።

ስብሰባ ስለበዛ አዳራሽ አስፈለገ። ንብ አንድ ኪሎ ሰም ለማውጣት ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎ ማር ትበላለች። የተጠየቀው አዳራሽ የግማሽ ኪሎ ሰም ነበር። ሰም አውጪዎቹ የቀረውን ደህና ማር ሦስት አራት ኪሎ በልተው አዳራሹን ሠሩ። ሲመረቅ የተነገረው ዲስኩር ርእስ «የቁጠባ ባህላችንን እናሳድግ» የሚል ነበር። በዚያው መድረክ እመት ቀሳሚት ለረጅም ዘመን አገልግሎቷ በሰም የተሠራ የምስክር ወረቀት ተሸለመች። የአበባ ቦታ ከሁሉ የበለጠ ስለምታውቅም ከመስክ ተነሥታ የአበባ መረጃ ክፍል ኃላፊ ሆነች። ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ፣ ያልሄደችባቸውን አበቦች መዝገብ ታገላብጣለች። እሷን ተክተው የወጡት ወጣቶች መንገዱን የሚያሳያቸው አላገኙም።

በር ጠባቂዎቹም ነበሩ። እነሱ የቤቱን ልጅ ከባዕድ የሚለዩት በማሽተት ነበር። ሽታ ማስረጃ አይሆንም ተባለና ለሁሉ የሰም መታወቂያ ታደለ። ሰም ስላልበቃ ግማሾቹ ሳይደርሳቸው ቀረ። የጎረቤት ዘራፊ ንቦች በበኩላቸው፣ የዘረፉትን ሰም ቆርጠው መታወቂያ አበጁ። ጠባቂዎቹ ባዕዱን፣ «ይግቡ» እያሉ፣ ከኑግ የተመለሰችውን የገዛ እህታቸውን፣ «መታወቂያ?» እያሉ ውጭ ያሳድሯት ጀመር። አንዷ ጠባቂ ለጓደኛዋ በሹክሹክታ፣ «ይቺ የኛ ሽታ አላት እኮ» አለች። «እኔም ሸቶኛል፤ ግን ምን ብለን እንጽፋለን?» አለቻት።

የአውራዋ ሽታም ከአፍ ወደ አፍ መሄዱን ከተወ ቆይቷል። በመሪዎች በኩል ይላክ ስለተባለ፣ የመጀመሪያዋ የቡድን መሪ ዘንድ ሪፖርት ሆኖ ይቀራል፦ «አውራ አለች።» በጠርዝ የሚኖሩት ንቦች ይህን ሪፖርት በየቀኑ ይሰሙ ነበር። ሽታውን ግን አጡት። እናት የላቸውም ብለው አዲስ አውራ የሚያሳድጉበት ዐይን በድብቅ ይሠሩ ጀመር። በዚህ ላይ የዕቅድ ቢሮ፣ እንቁላል ከቀነሰ ቀለብም ይቀንስ ብሎ የአውራዋን ምግብ አጎደለባት። አውራዋ ከሳች፤ ሆዷ ቀለለ። አውራ ስትጠግብ ትከብዳለች፣ መብረር አትችልም። አሁን ትችላለች።

ነገሩን ያየች እመት ቀሳሚት ናት። በጥቅምት መጨረሻ፣ አራቱ ቢሮዎች አዲሱ አዳራሽ ውስጥ የዓመቱን አፈጻጸም ሲገመግሙ፣ መዝገቧን ዘግታ ተነሣች። በተበላ ክንፏ እንደምንም ወጥታ፣ ወንዙን ተሻግሮ ያለ ባዶ የሾላ ግንድ አይታ ተመለሰች። እንጀራው ላይ ወጣች። ጨፈረች። በሦስት ቅጂ አልጻፈችም። አንዷ አየች፣ ሌላዋ አየች፤ ከመሪ ሳያስፈቅዱ ጎረቤታቸውን በአፍ ነኩ። አምስት ሺህ የቡድን መሪዎችም መዝገባቸውን አስቀመጡ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሆነው፣ አውራዋን መሐል አድርገው ወጡ።

አዳራሹ ውስጥ አንዱ ድንጉላ፣ «ይሄ የምን ጫጫታ ነው?» አለ። «ሠራተኞች ለሥራ ያላቸው መነሣሣት ነው» ተባለ፤ ተጨበጨበ።

በሦስተኛው ቀን ገበሬው መጣ። ከዋንዛው ሥር ቆሞ ቀና ብሎ አየ። በሩ ላይ የሚገባም የሚወጣም የለም። «ኮበለለ» አለ። ለጉንዳን ብሎ በየጊዜው ከግንዱ ሥር ይነሰንስ የነበረውን አመድም ተወው፤ ባዶ ቀፎ ማን ይጠብቃል? ሄደ። ቁጥጥር ቢሮ በመዝገብ አሰፈረ፦ «ባለድርሻ አካል ጎብኝቶናል። ቅሬታ አላቀረበም።»

ድንጉላዎቹ ብርዙን ጠጥተው ሲጨርሱ ራባቸው። የሠራተኛ እጥረት እንዳለ ያኔ ታወቀ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመና፣ ችግሩ የግንዛቤ ማነስ መሆኑን ደረሰበት። ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ትጉህ፣ ታዛዥና በቡድን መሥራት የምትችሉ፣ ልምድ አያስፈልግም።

በማግሥቱ ጉንዳኖች መጡ። ከግንዱ ሥር እስከ ቀፎው በር ድረስ ጥቁር ገመድ ሆነው ተሰልፈዋል። አያ ድንጉሌ ወጥቶ ተቀበላቸው።

«ስንት ናችሁ?»

«ተቆጥረን አናውቅም» አለ የፊተኛው ጉንዳን።

«አለቃችሁስ?»

ጉንዳኑ ወደ ኋላ ዞሮ የሰልፉን ጫፍ ፈለገ፤ አልታየውም። «አለቃ?» አለ።

ድንጉላዎቹ ተያዩ፤ ደስ አላቸው። ገና ያልተደራጀ ኃይል ነው። ሁሉም በዚያው ቆመው ተቀጠሩ፤ የሥራ ማስተዋወቂያው ከሰዓት በኋላ እንደሚሰጥ ተነገራቸው። ጉንዳኖቹ ከሰዓት በኋላን አልጠበቁም። ከጠርዝ በኩል ውሃ ያልገባበት የታሸገ ማር ነበር፤ እሱን ተሸክመው ወጡ። ቀጥለው የአበባውን ዱቄት ወሰዱ። ቀጥለው የተተዉትን እጮች ወሰዱ። የቁጥጥሩ ድንጉላዎች በበሩ ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ እያንዳንዷን ጭነት ቆጠሩ።

ማታ አያ ድንጉሌ ሪፖርቱን በወፍራም ድምፁ አነበበ። ወደ ውጭ የተላከ ማር ከዕቅዱ በእጥፍ ጨምሯል። ሠራተኞቹ አልደከሙም፣ አላጉረመረሙም፣ ቀለብም አልጠየቁም። በረጅሙ ተጨበጨበ። ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ወጣት ድንጉላ ክንፉን አውጥቶ፣ ማሩም እጩም ስላለቀ ጉንዳኖቹ ነገ ጧት ምን እንደሚሸከሙ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ መሆኑ ታመነበት፤ ሰዓቱ ስለሄደ ግን በነገው ስብሰባ አንደኛ አጀንዳ ሆኖ እንዲታይ ተቀጠረ።